ሰባት ወይስ ስምንት

የመጨረሻው ክር ከተለኮሰ በኋላ የመጀመሪያው ድማሚት እስኪፈነዳ ድረስ ያለችውን ጊዜ እወዳት ነበር። ቀስ ብዬ መቶ እስክቆጥር ድረስ ትቆያለች። በዚያች ጊዜ የመዶሻ ድምፅ የለም፤ አለቃችን ካቦው አይጮህም፤ አህያ እንኳ አያናፋም። ከሮቢ ወንዝ ባሻገር ያለው የቀወት ሜዳ በሐሩሩ ውስጥ ይንሳፈፋል። ማሽላው፣ ግራሩ፣ የሣር ክዳኑ ሁሉ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ውኃ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። እኔ ኮረብታው ራስ ላይ ቀይ ጨርቄን ይዤ አያለሁ። ከዚያ ድንጋዩ መጀመሪያ ያብጣል፤ ድምፁ ኋላ ይመጣል። አንድ እላለሁ።

ሥራዬ ይኸው ነበር፤ መቁጠር። ጣሊያኖቹ ከደብረ ሲና ቁልቁል ያወረዱት መንገድ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ጀውሃ ሊቀጥል ሲል፣ ወንዙ አጠገብ አንድ ጥቁር የድንጋይ አፍንጫ ገጠመው። ያንን ለመቁረጥ ስልሳ ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ጉድጓድ ይበሳሉ። አንዱ ረጅሙን ብረት ይይዛል፣ ሌላው በመዶሻ ይመታል። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ድማሚት ቀባሪው ጣሊያን መጥቶ ይሞላዋል፤ ክሮቹን አንዱን ከአንዱ እያስረዘመ ይቆርጣል፤ ተራ በተራ እንዲፈነዱ። ስምንት ከተቀበረ ስምንት ጊዜ መፈንዳት አለበት። ሰባት ከሆነ አንዱ ድንጋዩ ሥር ሳይፈነዳ ተኝቷል ማለት ነው፤ በብረት የነካው ሰው አይተርፍም። ቁጥሩ ከሞላ ነጩን ጨርቅ አውለበልባለሁ፤ ሰዎቹ ወደ ድንጋያቸው ይመለሳሉ። ካልሞላ ቀዩ አይወርድም፤ ግማሽ ሰዓት ተጠብቆ ጣሊያኑ ብቻውን ሄዶ ይፈትሻል።

ከእኔ በፊት የነበረው ቆጣሪ ወሬ የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሲያወራ ያልፈነዳውን ፈነዳ ብሎ ነጩን አውለበለበ፤ ሁለት ሰው ቀበርን። በማግስቱ ካቦው በሰልፉ ፊት እየተመላለሰ የማያወራ ሰው ፈለገ። ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ።

ዝም የምለው ኩራት ይዞኝ አይደለም፤ ነገር ሳላጠራ መናገር ስለማልወድ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም። የሌላ ሰው ልጆች ሲማሩ ከአጥር ውጭ ቆሜ ሰማሁ፤ እቤት ገብቼ በከሰል ጻፍኩ። የጣሊያኖቹን ቁጥር ከድማሚት ሣጥን ላይ ለመድኩት። የቆጣሪነቱንም ሥራ እንዲሁ ነው የያዝኩት። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት እየቀደድኩ ያየሁትን እጽፍ ነበር። የምዕራቡ ተራራ የፍንዳታውን ድምፅ የሚመልሰው ሁለት እስክቆጥር ቆይቶ ነው፤ ደመና ባለበት ቀን ይደፈናል፤ ማሽላው ካደገ በኋላ ከሜዳው በኩል የሚመለሰው ይጠፋል። ይህን ያላወቀ ሰው የገደል ማሚቶ ይቆጥራል።

ለጠላት መንገድ መሥራት የሚያኮራ ነገር አልነበረም። ከተራራው ጫካ ውስጥ የነማን ወንድሞች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ አናወራውም። ስልሳዎቹ ሰዎች ግን የእኛው ሰዎች ናቸው። የምቆጥረው ለእነሱ ነበር።

ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልሞተም። ድንጋዩ ራርቶ፣ ጣሊያኑ ተጠንቅቆ፣ እኔም አተኩሬ አይቼ እንጂ ሌላ ምሥጢር አልነበረውም። ሰዎቹ ግን «ይህ ልጅ ገድ አለው» አሉ። በማለዳ መጀመሪያ ያገኙት ሰው ቀናቸውን ያቃናል ወይም ያጠፋል ብለው የሚያምኑ ሰዎች ናቸው፤ እኔም እንደነሱ ነው ያደግሁት። ገድ አለው የተባለ ሰው ደግሞ የራሱ መሆኑ ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው የመዶሻቸውን እጀታ ያስነኩኝ ጀመር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም።

«ንካልኝ እስቲ ቆጣሪው። በግራ እጅህ እንዳይሆን ግን!»

«የእሱን ሁለት ጊዜ ነካህለት፤ የእኔ መዶሻ የእንጀራ ልጅ ናት?»

ከሁሉ የሚብሰው ጥርሰ ፍንጭቱ ቀልደኛ ነበር። «ቆጣሪው፣ ሚስት ስታገባ ልጆችህን ማን ብለህ ልትጠራ ነው? አንዱ፣ ሁለቱ፣ ሦስቱ?» ይለኛል። ሌላው ከኋላ ይቀበላል፤ «አንዱ የዘገየበት እንደሆነማ ቀይ ጨርቅ ሰቅሎ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል!» ድንጋዩ ሁሉ በሳቅ ይሞላል። እኔም እስቅ ነበር።

ይህ ቀልደኛ ብረት የሚይዘው ለአንድ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ከዳገቱ በኩል ካሉት የአርጎባ ቤተ ዘመዶች ናቸው፤ ደረታቸው ቀጭን፣ ክንዳቸው የገመድ ጉንጉን የመሰለ። በእያንዳንዱ ምት የአላህን ስም ስለሚጠሩ የእሳቸው ጉድጓድ ከሩቅ ይለያል። ነጩ ጨርቅ ሲውለበለብ ቀድመው የሚመለሱት እሳቸው ናቸው፤ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሳያልፋቸው ብረታቸውን ማየት ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ብሳሳት ማን እንደሚሞት ስለዚህ ሳልጠየቅ አውቀዋለሁ።

መቼ እንደ ጀመረኝ በትክክል አላውቅም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህን መናገር ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ቁጥሩ ከኮረብታው አብሮኝ መውረድ ጀመረ። እርምጃዬን እቆጥራለሁ፤ ጉርሻዬን እቆጥራለሁ። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነበር፤ እትዬ ስታወራኝ ቃላቷን እቆጥርና ያለችውን ሳልሰማ እቀራለሁ። ቀጥሎ ያቺ የምወዳት ጸጥታ ቦታዋን ለቀቀች። ገበያ መሃል፣ ማዕድ ላይ፣ እግሬን ስታጠብ ድንገት ዓለም ጭጭ ይላል፤ ሰውም ከብቱም በሐሩር ውስጥ እንደሚንሳፈፈው ሜዳ ከመሬት ከፍ ይልብኛል፤ አንገቴን አስግጌ የሚፈነዳውን እጠብቃለሁ። የሚፈነዳ የለም። ስተኛ እንደ ድንጋይ እወድቃለሁ፤ ስነሳ ግን ሌላ ሰው የተኛልኝ ይመስለኛል። የሲሚንቶውን ወረቀት መጻፍ ተውኩ። መተዌን እንኳ ያወቅሁት እትዬ በወረቀቱ ሽሮ ጠቅልላበት ሳይ ነው።

አንድ ቀን መዶሻ ስቶ የአንዱን ሰው ጣት ጨፈለቀው። ጮኸ። ሰዎቹ እየተሯሯጡ ሲደርሱለት እኔ ካለሁበት ሳልነቃነቅ «አንድ» አልኩ። ሁለተኛ ሲጮህ «ሁለት»። አላዘንኩም፤ አልዘገነነኝም። የሚያውቀኝ፣ ሰላም የሚለኝ ሰው ነበር። ያን ዕለት እቤት ገብቼ ደኅና እራት በላሁ።

እትዬ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። በእኛ ቆላ ደግሞ የፈዘዘ ሰው ሁሉ የወባ ንዳድ ይዞታል ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ወደ ሐኪሙ ድንኳን ሄድኩ። ረዳቱ ብብቴ ሥር ትኩሳት የሚለካበትን መስተዋት ከተተ፤ አውጥቶ አየው።

«ንዳድ የለብህም» አለኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው ያለብኝ?»

«የቱ ጋ ነው የሚያምህ?»

የሚያመኝን ቦታ ከራሴ እስከ እግሬ ፈለግሁ። አጣሁት። «የትም» አልኩት።

«እንግዲያው ጤነኛ ነህ» አለና ቀጣዩን ጠራ።

አንድ ሰኞ መነሳት አቃተኝ። ጣሪያውን የደገፉትን ማገሮች አየሁ፤ ልቆጥራቸው አልቻልኩም፤ ባለመቻሌ ደስ አለኝ። ፀሐይ ከፍ ሲል ሽማግሌውና ቀልደኛው ደጃችን ቆሙ።

«እንዴት አደርሽ ልጄ» አሉ ሽማግሌው እትዬን። «ወንድምሽ ደኅና ነው?»

«አሞታል ጋሼ።»

«ንዳድ ነው?»

«አይደለም ብለውታል።»

«ዓይን አለው? እጅ አለው?» አለ ቀልደኛው። «ይበቃናል። መቆም ካቃተው እንጨት ላይ አስረን እናቆመዋለን፤ ለወፍ ማስፈራሪያም የሚሆነው እንዲሁ ነው።»

«ተው አንተ!» አሉት። ከዚያ በበሩ ወደ ጨለማው አዩ። «ልጄ፣ ሰዎቹ ያለ እሱ አንወርድም ብለው ተቀምጠዋል። ካቦው አለንጋውን ይዟል። በአላህ፣ ዛሬን ብቻ።»

ተነሳሁ። ዛሬን ብቻ የተባለው ዛሬ አርባ ቀን ሆነ። ከዚያ ወዲያ ደከመኝ ማለት ሰው ማስገረፍ መሰለኝ። ይባስ ብሎም እኔው ራሴ ገዱን አመንኩት። ባልቆጥርም ቁጥሩ ይሞላል፣ እጄ ከተነሳ ማንም አይሞትም ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። የደከመ ሰው የሚያርፍበት ሲያጣ እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ላይ ይተኛል።

ኅዳር ላይ፣ ማሽላው ራሱን ደፍቶ አጨዳ ሲጠብቅ፣ የከሰዓቱ ፍንዳታ ስምንት ነበር። ጣሊያኑ ስምንት ጣቱን አሳየኝና ለኩሶ ሮጠ። ጸጥታው መጣ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስተኛው ሲፈነዳ ከማሽላው ላይ ግሪሳ ተነሳ። በሺህ የሚቆጠር ወፍ አንድ ላይ ታጥፎ፣ ተዘርግቶ፣ እንደገና ታጠፈ፤ እትዬ ነጠላ ስታራግፍ እንደሚሆነው። ሲገለበጥ ይጠቁራል፤ ሲዞር ብርሃን ይሆናል። ያን ያህል የሚያምር ነገር ያየሁ አልመሰለኝም። ዓይኔን እዚያ ላይ ተውኩት። ድምፅ ነበረ፤ ከዚያም ሌላ ድምፅ፤ ተራራውም መለሰ። ወፎቹ ወንዙን ተሻግረው ጠፉ፤ አቧራው ተቀመጠ፤ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

ሰባት ነው ስምንት?

ወደ ታች አየሁ። ሰዎቹ ከመከለያቸው እየተነሱ ልብሳቸውን ያራግፋሉ። ሽማግሌው መዶሻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ጥቂት እርምጃ ወጣ ብለዋል። እኔን ያያሉ። ቀኝ እጄን አየሁት፤ ነጩን ጨርቅ ይዞ እስከ ወገቤ ተነስቷል። ያነሳሁት እኔ አይደለሁም። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሲነሳ የኖረ እጅ ነው፤ ጊዜው ደረሰና ተነሳ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት፤ ከብዙ ወር በኋላ የመጀመሪያው ፍርሃቴ ነበር። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ጨመሩ።

ሰባት ነው ብዬ ብዋሽ ይጠበቃል፤ ማንም አያውቅብኝም። ግን ነገ አለ፤ ከነገ ወዲያም አለ። አላውቅም ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ያዝልኝ!»

ይህ የማማ ጥሪ ነው። በእኛ ቆላ ማሽላ ሲያፈራ የእያንዳንዱ ማሳ ጠባቂ ከቆጡ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ይዞ ይውላል። ዓይኑ የደከመበት ጠባቂ ወደ ጐረቤቱ ማማ «ያዝልኝ!» ብሎ ይጮኻል። የሰማው «ያዝኩልህ!» ይልና የሁለቱንም ማሳ ይጠብቃል። ምን ሆንክ ብሎ አይጠይቅም። የጮኸውም ከማማው ወርዶ ይተኛል እንጂ ቁጭ ብሎ አያይም። የተቀየመ ጐረቤት እንኳ ይህን ጥሪ እምቢ አይልም፤ ዓይኑ የፈዘዘ ጠባቂ እህሉን ለወፍ እንደሚያስበላ ሁሉም ያውቃል።

ከታች ማንም አልሳቀም። ስልሳ ሰው ባለበት ቆመ። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ቀጭን ደረት ይወጣል ብዬ ያላሰብኩት ድምፅ።

«ያዝኩልህ! ያዝኩልህ ልጄ፣ ውረድ!»

መዶሻቸውን ጥለው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሰዎቹን ወደ ኋላ መለሱ። እኔ ቀዩን ድንጋይ ላይ አስሬ ወረድኩ። ካቦው እየሮጠ መጥቶ ስንት ነው፣ ስንት ነው ይለኛል። አላየሁም አልኩት። መታኝ፤ አለንጋው አንገቴን ሲያቃጥለኝ ተሰማኝ፤ መሰማቱ ገረመኝ።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ጣሊያኑ ብቻውን ሄዶ እያንዳንዱን ጉድጓድ ተንበርክኮ አየ። ሲመለስ ስምንት ጣቱን አነሳ። ሁሉም ፈንድቷል።

ከሰዎቹ አንዳንዶቹ ተነፈሱ፤ አንዳንዶቹ ተቆጡ። «በከንቱ አስፈራን!» አለ አንዱ። ሌላው «ገዱ ተሰበረ፣ አበቃ» አለ። እኔን ግን ያስፈራኝ ሌላ ነው። እጄ ቢውለበለብ ኖሮ ትክክል ይሆን ነበር። በማግስቱም ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔ ሳልኖርበት ትክክል እየሆነ ይቀጥልና፣ ስህተቱ በሚመጣበት ቀን ኮረብታው ላይ ማንም አይኖርም።

ድማሚት ቀባሪው ውኃ ሊጠጣ ባጠገቤ ሲያልፍ ቆመ። አማርኛው አሥር ቃል አይሞላም። ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ጣቶቹ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጡ ነበር። «እኔም» አለና ሄደ።

ሽማግሌው ሶላታቸውን ሰግደው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እህትህ ምን ያዘህ አለችህ?» አሉኝ።

«ምች።»

«ሐኪሙስ?»

«ጤነኛ ነህ አለኝ።»

«እኔስ ምን አልኩህ?»

ጠጠር አንስቼ በጣቴ አገላበጥኩ።

«ዛሬን ብቻ ነው ያልኩህ። አላህ ይቅር ይበለኝ። አንድ ሰው አርባ ቀን ሙሉ ከማማ አናወርድም ብለን መዶሻ ስናስነካው ከረምን። አንተስ? አፍ የለህም? ቀን እያለ ለምን አልጮህክም?»

«ያመመኝን ቦታ ስላላገኘሁት ነው ጋሼ።»

ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ማማ ላይ ያለ ሰውም እኮ የሚያመው ቦታ የለውም» አሉ። «ወፉ ሲበላ አይቶ ዝም ካለ፣ ያ ነው በሽታው። ነገ ወደ እኔ ቤት ትሄዳለህ። ባለቤቴ ጥያቄ ማብዛት አትወድም፤ ትግባባላችሁ።»

ቀልደኛው ከጀርባችን ነበር። «ታዲያ ነገ ማን ሊቆጥር ነው?» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ አየሁት።

«አንተ» አሉት።

«እኔ? እኔ እኮ ሳወራ ነው የምውለው!»

«ለዚህ ነው ሁለት ሰው የሚቆጥረው። እሱ እስኪመለስ እኔ ከወንዙ ማዶ ሆኜ እቆጥራለሁ። አንተ ከኮረብታው። ካልገጠመ እንቀመጣለን።»

ካቦው ሁለት ሰው ከመዶሻ አላጐድልም ብሎ ነበር። ሰዎቹ ድንጋዩ ሥር ተቀመጡ፤ ያን ሰኞ እኔን ለማስመጣት እንደተቀመጡት ሁሉ አሁን ደግሞ እኔን ለማሳረፍ። ጣሊያኑ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ካቦው ተወው።

ሽማግሌው ቤት አሥራ ስድስት ቀን ቆየሁ። የመጀመሪያዎቹን አራቱን አላስታውስም። ባለቤታቸው ምግብ አጠገቤ ያስቀምጡና ይሄዳሉ፤ እቆርሳለሁ፤ እተኛለሁ። አንዴ ስነቃ ፍየል ፊቴን እያሸተተች ነበር። በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ባለቤታቸው ጥንቅሽ ሰብረው ሰጡኝና ደጅ ተቀምጬ ላጥኩት፤ ጣፋጩ ምላሴ ላይ ሲፈስ ዕንባዬ መጣ። ጣቱ የተጨፈለቀውን ሰው አሰብኩት። ጣቱን፣ ጩኸቱን፣ ሰላም የሚለኝን ፊቱን። አልቅሼ እስክጨርስ ድረስ እኚያ ሴት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ማሽላ ሲያበጥሩ ቆዩ። ስጨርስ «ይጨመርልህ?» አሉኝ። ጥንቅሹን ማለታቸው ነበር።

ስመለስ ጣቱ ወደ ተጐዳው ሰው ሄጄ ጠየቅሁት። «ዘገየህ» አለኝ። ልክ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቆጣሪዎች ሆንን፤ እኔ ከኮረብታው፣ ቀልደኛው ከወንዙ ማዶ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን የቀትሩ ፍንዳታ እንዳበቃ «ስድስት!» አልኩ። ከማዶ «አምስት!» የሚል ድምፅ መለሰልኝ። እኔ ስድስት ማየቴን እርግጠኛ ነበርኩ። እሱም እርግጠኛ ነበር። ቀዩ ጨርቅ ሳይወርድ ቀረ። ሰዎቹ ማጉረምረም ጀመሩና ተዉት፤ ግራሩ ሥር አንድ በአንድ ተቀመጡ። አንዱ የማሽላ ቆሎ ከመቀነቱ ፈትቶ አዞረ፤ ሌላው ማጀቴ ገበያ ላይ ስለተሸጠች አንካሳ በቅሎ ወሬ ጀመረ። ሽማግሌው መዶሻቸውን ተንተርሰው አንቀላፉ። እኔ ከላይ ሆኜ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል አይ ነበር፤ ሜዳው ከኋላቸው ይንሳፈፋል፤ ሊቀሰቅሳቸው የሚቸኩል ማንም አልነበረም።